ለአንዲት ጥርስ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን?

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በተለይ እንድታነቡልኝ ነው።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። በታችኛው መንጋጋዋ መጨረሻ ላይ ያለችው ጥርስ ለወራት ስትነዘንዛት ቆይታ ባለፈው ሳምንት ጉንጯ አብጦ አደረ። እኛ ቤት የጥርስ መድኃኒት ቅርንፉድ ነው። ቅርንፉድ ነክሳ ሁለት ሌሊት ቻለችው። በሦስተኛው ቀን አፏ ለማንኪያ እንኳን አልከፈት ሲል በሐረጎ ዳገት ሽቅብ ይዣት ደሴ ወጣሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ጥርሷ አጥንት ውስጥ ተጋድማ የቀረች ናት፣ ወንበር ላይ የምትነቀል አይደለችም፣ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይታከምና በኋላ በሰመመን በኦፕራሲዮን ትወጣለች አሉን። እሺ ብለን አልጋ ያዝን።

ከዚያ በኋላ ጥርሷን የሚያይ ጠፋ። ግፊት ይለካሉ። ስኳር ይለካሉ። ደም ይቀዳሉ። ሽንት ስጡ ይላሉ። ደረቷ ላይ ገመድ ለጣጥፈው የልብ ምርመራ ወረቀት አወጡ። አንዱ ሐኪም ሲሄድ ሌላው ይመጣል። ሁሉም የሚጠይቋት ያንኑ ነው፤ ሌላ ሕመም አለብዎት ወይ ይሏታል። እሷም የለብኝም ትላለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ጠዋት ደግሞ ግፊቷ 190 በ110 ነው፣ ስኳሯም አልወረደም ብለው ቀጠሮውን ገፉት።

የታመመው ጥርስ፣ የሚመረመረው ልብ። ምክንያት አለው ወይስ ኪሳችንን እያራገፉ ነው? የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ይህን የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ፣ የዋርዱ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ተናድጄ ነበር። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ከሳምንት በላይ ሄደ። ከላይ ጀምሮ ማንበብ የከበዳችሁ ስለበዛችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አፍ እተርክላችኋለሁ። ያጎደልኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መልስ 1፦ ከደሴ፣ ከአራዳ ሰፈር ነኝ ያለ ሰው ነው። አላህ ያሽራት ብሎ ጀመረ። አጎቱ መንጋጋው ተሰብሮ በተኛ ጊዜ እንዲሁ ሲመረመር እንደሰነበተ፣ ኋላ በሰላም እንደወጣ ጽፎ ታገሥ አለኝ። በጨዋ ደንብ።

መልስ 2፦ ይኸኛው ብሶቴ ላይ ጭድ ጨመረበት። አንድ ቦታ ያሠራውን የላቦራቶሪ ወረቀት ሌላው ቦታ አልቀበልም ብሎ እንደገና አስከፍሎታል። ለጥርስ የልብ ምርመራ ማዘዝ ለእሱ ዘረፋ ነው። ሌላ ስም የለውም። እውነቱን ለመናገር ያን ማታ እሱን ነበር የወደድኩት።

መልስ 3፦ ክሩን መልክ ያስያዘችው ይቺ ናት። ኮምቦልቻ ውስጥ ነርስ ናት፤ ለዓመታት የቀዶ ሕክምና ዋርድ ሠርታለች። ረጅም ነው የጻፈችው። ጥርስን ለብቻዋ አልጋ ማስያዝ አይቻልም ነው ነገሩ፤ ልቡም ኩላሊቱም አብሮ ይተኛል። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይደርቅለትም፣ ኢንፌክሽንም ይበረታበታል። ኢንፌክሽኑ ራሱ ደግሞ ስኳሩን መልሶ ይሰቅለዋል። ሁለቱ እየተጋገዙ ነው የሚሄዱት። ግፊቱን በተመለከተ፣ የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ አስረዳችኝና የእናቴን 190 በ110 መልሳ አስቆጠረችኝ። በዚያ ጠዋት ቢቀድዷት ኖሮ ነበር መክሰስ ያለብኝ፣ ስላልቀደዱ አይደለም። እዚህ ላይ ቆጣ ብላለች። መጨረሻ ላይ ግን የጥርስ ማደንዘዣ አድሬናሊን ስላለበት ግፊት ላለበት ሰው ጨርሶ እንደማይሰጥ ጻፈች።

መልስ 4፦ እሷን ለማረም የገባ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነው። ጨርሶ አይሰጥም የሚለውን አልተቀበለውም። አድሬናሊኑ የሚጨመረው የደም ሥሩን አጥብቦ ደሙን እንዲቀንስና ድንዛዜውን እንዲያቆይ ነው። ልብ ላለበት ሰው መጠኑ ይያዛል፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ጣሪያ 0.04 ሚሊግራም ነው፣ በብዛት ከሚሠራበት ዓይነት ሁለት ካርትሬጅ (መርፌው ላይ የሚገጠመው የማደንዘዣ ብልቃጥ) ገደማ። ግን በደንብ ሳይደነዝዝ የተነቀለ ሰው በሕመምና በድንጋጤ የገዛ ሰውነቱ የሚረጨው አድሬናሊን ከመርፌው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ፈርቶ ሳያደነዝዙ መንቀል የባሰ ነው። ሁለተኛ ነገርም ጨመረ። አፏ የማይከፈት ሴት ሰመመን ሰጪውንም ታስጨንቃለች፤ የመተንፈሻው ቱቦ በየት ይግባ? እብጠቱ እስኪቀንስ የሚጠበቀው ለዚህም ጭምር ነው።

መልስ 5፦ ነርሷ በሁለት ቃል እርማቱን ተቀበለች። ትንሽ የከፋት መሰለኝ።

መልስ 6፦ ይህን ሳነብ ከኮሪደሩ ገብቼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። የደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ሴት ናት የጻፈችው። ታናሽ ወንድሟን በልጅነቱ ቶንሲል ሲመላለስበት ኖሮ ልቡን ነክቶታል። በየወሩ መርፌ ይወጋ ነበር። አንድ ቀን ጥርሱን አመመውና ከሥራ በምሳ ሰዓት ወጥቶ አንድ ክሊኒክ አስነቀለ። የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረ። ምኑን ይናገር፤ የሄደው ለጥርስ ነው። ከሳምንታት በኋላ ማታ ማታ የሚያልበው ትኩሳት ጀመረው። መጀመሪያ ወባ ተባለ። የወባ ዋጠ። ቀጥሎ ታይፎይድ ተባለ። የታይፎይድም ዋጠ። ሰውየው እየከሳ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። በመጨረሻ የልቡን በር ባክቴሪያ እንደያዘው ታወቀና ስድስት ሳምንት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተሰጠው። ተርፏል። አሁን ግን ፀጉሩን ሊስተካከል ሲገባም የልብ ሕመምተኛ ነኝ ብሎ ነው የሚጀምረው ብላ ሳቀች።

መልስ 7፦ ልብ ያለበት ሁሉ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ይውሰድ ማለት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ነው። አጭር፣ ግን ጥሩ ጥያቄ።

መልስ 8፦ ያው ሐኪም። ሁሉም አይደለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 መመሪያውን አጥብቦ፣ ሰው ሠራሽ የልብ በር ላለው፣ ከዚህ በፊት ያ የልብ በር ኢንፌክሽን ለያዘውና ለአንዳንድ አብረው ለሚወለዱ የልብ ችግሮች ብሎ ወስኖታል። ለአዋቂ የተለመደው 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው፣ ሥራው ከመጀመሩ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቶንሲል ሲመላለስ በሚመጣው በሪህ ትኩሳት ለተጎዳ የልብ በር የየአገሩ መመሪያ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የሚከታተለው ሐኪም ነው የሚወስነው። ወርኃዊ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ሰው ግን መወጋቱን ሳይናገር መቀመጥ የለበትም። አፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊኑን ለምደውት ይሆናል፤ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል።

መልስ 9፦ አባቱ ዋርፋሪን የሚወስድ ልጅ። ጎረቤት ለሦስት ቀን አቁሙለትና ይነቀል ብሏቸዋል።

መልስ 10፦ ሐኪሙ እዚህ ላይ አልቀለደም። ጎረቤት ያላዘዘውን ጎረቤት አያቆምም። ዋርፋሪን የሚሰጠው ደሙ እንዳይረጋ ነው፤ ሲቆም ሊረጋ ይችላል፣ የረጋው ደግሞ አንጎል ሊሄድ ይችላል። የሚፈስ ድድ ግን ይታፈናል፣ ይሰፋል። አይኤንአር የሚሉት፣ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ምርመራ በቅርብ ቀን ተሠርቶ 3.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተራ የጥርስ ንቅለት ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይቆም ይሠራል። ደግሞ ፍላጂል የምንለውን ሜትሮኒዳዞል ለድድ ብሎ ከፋርማሲ መግዛት ለእሳቸው አደጋ ነው፤ ዋርፋሪኑን ያበረታዋል።

መልስ 11፦ ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ መጥቶ የወሎ ሰው ግፊት ምክንያቱ ጫት ነው፣ እናትህን ጠይቃት አለኝ። ወንድሜ፣ እናቴ ጫት አትቅምም። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ አፍንም እንደሚያደርቅ ነርሷ በመልስ 12 አረጋግጣ፣ ቅሞ ወደ ሰመመን ክፍል የሚገባ ወጣት ሳይደብቅ እንዲናገር መከረች። ነገሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን አላስደሰተኝም።

መልስ 13፦ አንድ አባት ናቸው። በሳቸው ጊዜ ገጠር ውስጥ ጥርስ የሚነቀለው በጉጠት እንደነበር፣ ግፊት የሚለካ እንዳልነበረ፣ ከሕፃን ድድ ላይ የወተት ጥርስ ሳይወጣ ይፈለቀቅ እንደነበር፣ እንጥልም ይቆረጥ እንደነበር፣ ይኸው እሳቸው 74 ዓመት እንደሞላቸው ጻፉ። የዛሬ ልጅ ምርመራ አበዛ ነው ነገራቸው።

መልስ 14፦ አንድ ወጣት በጉጠት ሞተው የቀሩት እዚህ መድረክ ላይ ስለማይጽፉ ነው ብሎ መለሰላቸው። እኔ ሳቅሁ። አልክድም።

መልስ 15፦ ሌላዋ ደግሞ ወጣቱን አባት አይዘለፍም ብላ ገሠጸችው። እሷው ግን ቀጥላ፣ በሽማግሌው ጨዋነት ተሸፍኖ የሕፃን ድድ መፈልቀቅ እንዳይወደስ አስጠነቀቀች። የእህቷ ልጅ በዚያ ምላጭ ደም ፈሶት ለጥቂት ነው የተረፈው። ሽማግሌው ኋላ ተመልሰው፣ እሳቸውም ለልጅ ልጆቻቸው እንደማያስደርጉት፣ ስላለፈው ጊዜ ብቻ እንዳወሩ ጻፉ። እርቅ ወረደ።

መልስ 16፦ ይህ የእኔ ነው፤ ረቡዕ ማታ። መልስ 6 ሲከነክነኝ አድሮ ኮምቦልቻ ለእህቴ ደወልኩ። የእማዬን ሣጥን ክፈቺ አልኳት። ሐሙስን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ማታ በሚኒባስ ይዛው መጣች። አንዲት ቢጫ ፌስታል ናት። አፏ በክር ሦስት ጊዜ ዞሮ ተቋጥሯል። የአልጋው ጠርዝ ላይ ዘረገፍናት። ሁለት ቅጠል የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን፣ ወጣ፤ አንዱ ከመሐሉ አራት ፍሬ ብቻ ተፈልቅቆለታል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ወጣ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈው ዓመት ነው። የተጣጠፈ የጤና ጣቢያ የቀጠሮ ካርድ ወጣ። በነጭ ወረቀት የተጠቀለሉ ስም የሌላቸው ትናንሽ ክኒኖች ወጡ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት።

መልስ 17፦ ነርሷ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰች። ሌላውን ሁሉ ትታ ስለ ትናንሾቹ ክኒኖች ነው የጠየቀችኝ፤ ከማን እንደመጡ፣ ለምን እንደሚዋጡ፣ ስንት ወር እንደሆነ። እናቴን ጠየቅኳት። ለቁርጥማቷ ነው። ጎረቤታችን ትሰጣታለች። ከፋሲካ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ፣ ሲብስ ሁለት። እህቴ ጎረቤቷ ጋ ደውላ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አስነበበች። ፕሬድኒሶሎን። ይህን ስጽፍላት ነርሷ አሁኑኑ ተነሥቼ ተረኛውን ሐኪም እንዳሳይ አዘዘችኝ። እስከ ጠዋት አትጠብቅ ነው ያለችው፤ ጨዋነቱን እዚያ ጣለችው። ሮጥኩ።

መልስ 18፦ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ምክንያቱን ያስረዳው ሌሊት ነው። ያ ክኒን ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ኢንፌክሽንን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል፣ ትኩሳቱንና ሕመሙንም ይሸፍናል። ለወራት ሲዋጥ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት ይተዋሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሳይታወቅበት ኦፕራሲዮን ላይ ቢተኛ ግፊቱ ድንገት ሊወድቅ ይችላል። እሷ ደግሞ አልጋ ከያዘች ጀምሮ አልዋጠችም፣ ፌስታሉ ኮምቦልቻ ነበራ። በድንገት ማቋረጡም ራሱ አደጋ ነው። አንዲት ነጭ ክኒን ይህን ሁሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሐኪሞቹ ሲፈልጉት የነበረው ነገር ሣጥን ውስጥ በክር ታስሮ ተቀምጦ ነበር።

በዚያው መልስ ስኳር ያለባቸውን ሁሉ አስጠነቀቀ። ከአገጭ ሥር ያለው እብጠት ከደነደነ፣ ምላስ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከተለወጠ ቅርንፉድ ነክሶ ማደር የለም። ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 የጻፈው በሽታ ነው፣ የመተንፈሻ መንገድን ይዘጋል። ሲነጋ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ሁለቱን የቅርንፉድ ሌሊቶች አስታወስኩና ዝም አልኩ።

መልስ 19፦ የሁሉም ምርጥ ለእኔ ይህ ነው። ስለ ሕክምና አንድ ቃል የለበትም። አንዲት የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሴት እናቶቻችን ለምን እንደሚደብቁ ጻፈች። እናትህ አልዋሸችም ነው ነገሯ። ለእሷ ሕመም ማለት የሚያስተኛ ነገር ነው። ግፊትማ የሁሉ ነው፤ ራስ ሲያም ይዋጣል፣ ሲተው ይተዋል። ስኳርም ጎረቤት ሁሉ አለው። የቁርጥማት ክኒን ደግሞ እንደ ቡና ነው፣ ከጎረቤት ይመጣል። በዚያ ላይ ብናገር ጥርሴን አይነቅሉልኝም፣ ልጄም ተጨማሪ ይከፍላል የሚል ሐሳብ አለ። ስለዚህ ሕመም አለብዎት ወይ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ምን ይውጣሉ፣ ማን ሰጠዎት፣ መቼ ዋጡ ነው ጥያቄው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ ፌስታሉን ማስመጣት ነው። እሷ አማቷን ይዛ ስትሄድ ከፌስታሉ ውስጥ የበግ መድኃኒት ወጥቷል። እስከ ዛሬ ለማን እንደነበር አልታወቀም።

መልስ 20፦ መልስ 2 ላይ የነበረው ሰው ተመልሶ መጣ። ፌስታሉ ሐኪሞቹን ነጻ አያወጣም ባይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለምን እንደሚመረመር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያስረዳው ቤተሰብ በዚህ መድረክ ላይ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። አምስት ሰው የለካት ግፊት ለምን እንደሚለካ የነገረኝ አንዲት የማላውቃት ነርስ በስልኬ ላይ ናት። ሐኪሙ በመልስ 21 ተረኛው በአንድ ሌሊት የሚያየውን ሰው ብዛት አንሥቶ ሊከራከር ሞከረ፣ ከዚያ ግን ተወው።

መልስ 22፦ የጾም ጉዳይ። አንዱ የአክስቱን ጠባሳ አወራ። ስኳር አለባት፣ ኦፕራሲዮን የምትገባ ቀን ጠዋት አስታማሚዋ አዝናላት ተደብቃ አጥሚት አጠጣቻት። ስትናገር ኦፕራሲዮኑ ተሰረዘ። ከጠቅላላ ሰመመን በፊት ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ነው የሚቆመው፣ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ እንዳይገባ። ኢንሱሊን ወግታ ምግብ የከለከሏት ሴት ደግሞ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። የመርፌው መጠን የሚስተካከለው በሐኪሙ ነው፣ በአስታማሚ እንባ አይደለም። ነርሷ አክላ በወንበር ላይ ተደንዝዞ ለሚነቀል ግን ስኳር ያለበት ሰው ቁርሱን በልቶ ጠዋት ቢሄድ እንደሚሻል አስታወሰች። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

መልስ 23፦ ከሆስፒታሉ ብዙም የማይርቅ ቤት እንዳላቸው የጻፉ አንዲት እናት እኔና እህቴ እዚያ እንድናድር ጋበዙን። የደሴ ብርድ በጋቢ አይቻልም፣ ኮሪደር ላይ አትሙቱብኝ አሉ። ሁለት ሌሊት አደርን። ስማቸውን ያልጻፍኩት አደራ ስላሉኝ ነው።

መልስ 24፦ ይህ የእኔ የመጨረሻው ነው። መድኃኒቷ ተስተካክሎ፣ ያቋረጠችው ተተክቶላት፣ ግፊቷ ወርዶ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ጥርሷ ወጣች። ሦስት ቦታ ተቆርጣ ነው የወጣችው። ሁለት ቀን ተጨማሪ አስተኝተው ሲለቁን ኮንትራት ታክሲ ያዝን። እናቴ ጉንጯ አብጦ በነጠላዋ ተሸፋፍና ከኋላ ተቀምጣለች። ሐረጎን መውረድ ጀምረን ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ትከሻዬን ትመታኝ ጀመር። መናገር አልቻለችም። ጣቶቿን አሰባስባ በአየር ላይ ክር ትቋጥራለች።

ፌስታሉ። ትራስ ሥር ቀርቷል።

ሾፌሩ እያጉረመረመ አዞረ። ዋርድ ስደርስ አንዲት ሲስተር እያንዳንዱን ለያይታ፣ በእስክሪብቶ ሰዓቱን ጽፋበት አስቀምጣዋለች። የፕሬድኒሶሎኑ አወራረድ በየሳምንቱ ስንት እንደሆነ ለብቻው ተጽፏል። መድኃኒቱን ረስታ ስለደነገጠች እናቴን ደስ ብሎኝ ላወድሳት ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ አፏ ትንሽ ሲፈታላት ግን የነገረችኝ ሌላ ነው። ለጎረቤታችን የምትመልሰው የዐሥር ፍሬ ብድር አለባት።

ነርሷ ወዲያው በመልስ 25 ለጎረቤቷ ያንን ክኒን ማን እንዳዘዘላት ጠየቀችኝ። ነገ ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ፤ ፌስታሏን ታሳየኝ እንደሆነ አያለሁ።